ጋሽ ሣህሉ ድንኳን ሊገዙ ነው

አጣሪ የሌለበት ሰፈር የለም። አጣሪ ስል ከበላይ አካል ተልኮ መጥቶ፣ ሰብስቦ አናግሮ፣ ምሳ በልቶ የሚሄደውን ማለቴ አይደለም። እኔ የምለው አጣሪ እዚያው ሰፈር ተወልዶ እዚያው የሸበተ፣ አንድ ጥንድ ካልሲ ለመግዛት የስድስት ሰው ቃል የሚቀበል፣ ካልሲውንም በመጨረሻ የማይገዛ ሰው ነው። እናንተም ሰፈር አለ። ከሌለ ምናልባት እናንተ ናችሁ።

የእኛ ሰፈር አጣሪ፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ከእኔ ጋር አጥር የሚጋሩት ክቡር ጋሽ ሣህሉ ናቸው። «ክቡር» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኖ አንዲት እስክሪብቶ ያላጎደለ ሰው ይገባዋል። ዕቃ በሞዴል 19 ሲያስገቡ፣ በሞዴል 22 ሲያስወጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ቀን፣ «እኔ ራሴ በየትኛው ሞዴል ነው ወጪ የምደረገው?» ብለው ጠየቁ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። ማጣራት የእሳቸው ሥራ ነው።

ጋሽ ሣህሉ አንድ ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን አይደለም። «የተጠቀመበት ሰው አለ?» ነው የሚሉት። ካለ ሰውየው አለቀለት። ፔርሙዝ ለመግዛት ያሰቡ ጊዜ ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ጠዋት ጠዋት እኔ ቤት እየመጡ በእኔ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ይሞሉ፣ ማታ ተመልሰው ጣታቸውን ይነክሩ ነበር። አንድ ማታ ጣታቸው ተቃጠለና «ደህና ዕቃ ነው» አሉኝ። ግን አልገዙም። የእኔን ለምደውት ነበር። የቬንትሌተሩ ጊዜ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ወንበር አስወጥተው ሰፈሩን በየተራ እያስቀመጡ «አንገትህን ነው ወይስ ጆሮህን የሚመታህ?» እያሉ ቃል ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ታይዋን የምንለው ገበያችን ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች ሲመጡ ካዩ ሳይጠየቁ ወንበር ያወጣሉ።

ከሁሉም የማልረሳው የጎረቤታችንን ሙሽራ ነው። ልጁ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከሙሽሪት ጋር ፎቶ ሊነሳ ቆሟል። ጋሽ ሣህሉ ቀስ ብለው ተጠጉና በጆሮው፣ «ጫማው ተረከዝህን አይልጥህም?» አሉት። ልጁ ደንግጦ «ይልጠኛል» አለ። በሰርጉ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ሙሽራው ወደ እግሩ ነው የሚያየው። ጋሽ ሣህሉም ያንን ጫማ አልገዙም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሰው ነው ባለፈው ዓመት ወርሳሜ ሱቅ የገባው።

ወርሳሜ ታይዋን ውስጥ ከጎማ እስከ ማንኪያ የሚሸጥ፣ ለሁሉም ደንበኛ መሳቂያ ቃል የማያጣ ነጋዴ ነው። ሱቁ ጥግ ላይ ሁለት ሰው የሚሸከመው ጥቁር ጥቅል ለወራት ተጋድሞ ነበር። ደንበኛ ሻይ ሲጠጣ ይቀመጥበታል። የዚያን ቀን ጋሽ ሣህሉም እንደ ሰው ሁሉ ተቀምጠውበት ሳሉ ምን እንደሆነ ጠየቁ።

«የመኪና ጣሪያ ላይ የሚታሰር ድንኳን ነው» አለ ወርሳሜ። «ትከፍተዋለህ፣ ክፍል ይሆናል። ፍራሽ ውስጡ አለ። መሰላል አለው። ሁለት ሰው ያስተኛል። ጅብ አይደርስብህ፣ ጊንጥ አይደርስብህ። ያንተ ላንድክሩዘር ላይ ልክ ነው።»

«የተጠቀመበት ሰው አለ?»

«አንተ አሁን ተቀምጠህበታል።»

«የተኛበት ማለቴ ነው።»

ወርሳሜ አሰበ። «አቦ፣ እውነቱን ልንገርህ። ድሬ ላይ የተኛበት የለም። ሐረርም የለም፣ ጂጂጋም የለም። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ተከፍቶ አላየሁትም።»

እዚያ ስለነበርኩ ፊታቸውን አይቻለሁ። ጋሽ ሣህሉ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ምስክር የሌለው ዕቃ ፊት ቆሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ጥቅሉን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት። ወርሳሜም ሰው የሚያውቅ ነጋዴ ነውና፣ «ለሳምንት ውሰደው፣ ሞክረው። ጁምዓ ቀን ወይ ትገዛዋለህ፣ ወይ ትመልስልኛለህ» አላቸው። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ የጋሽ ሣህሉ ባለቤት እትዬ የሺአረግ ይህን ዓምድ ያነባሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ትንሽ ሲበርድ፣ አራት ሰው ሆነን ድንኳኑን አሮጌው ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ አሰርነው። መኪናው የቆመው እንደ ሁልጊዜው ከአጥሩ ጥግ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግቢ የሹክሪ ነው፤ ሹክሪ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሳቋ እስከ ባቡር ጣቢያው የሚሰማ ጎረቤታችን ናት። ጋሽ ሣህሉ ማሰሪያውን ፈቱና ሳቡት። ድንኳኑ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ተገለበጠ፣ ከዚያ ግማሹ በአጥሩ ላይ አልፎ ልብስ የምታሰጣው ሹክሪ ራስ ላይ ተዘረጋ። በየት በኩል እንደሚከፈት የጠየቅነው ሰው አልነበረም።

ሹክሪ ቀና ብላ አየች። «ሣህሉ፣ ግቢዬ ላይ ፎቅ እየሠራህ ነው?»

«ድንኳን ነው፣ ሹክሪ።»

ሹክሪ የያዘችውን ልብስ ጣለች። «ማን ሞተ?»

እኛ ስንስቅ እሷ ነጠላ ልታመጣ ሮጠች። ብናስረዳትም ነገሩ ከእኛ ቀድሞ ወጥቷል። ሣህሉ ቤት ድንኳን ተተከለ የሚለው ወሬ ከከዚራ ሳቢያን ለመድረስ አንድ ባጃጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ይጎርፍ ጀመር። የዕድር ዳኛው ወንበር በጋሪ አስጭነው መጡ። ከጋሽ ሣህሉ ጋር የሠሩ ሁለት ጡረተኞች በር ላይ ሆነው «ወይኔ ሣህሉ» ሲሉ ሣህሉ ራሳቸው ወጥተው ሰላም አሏቸው። አንደኛው ሰውዬ ለትንሽ ጊዜ ከአጥሩ መነጠል አቅቶት ነበር።

እትዬ የሺአረግ ከዘራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ። ለሚመጣው ሁሉ፣ «ማንም አልሞተም። ግቡ፣ ሳምቡሳ አለ» ይላሉ። ከዚያ ባላቸውን በዓይናቸው ፈልገው ያገኙና፣ «እስካሁን ማለቴ ነው» ብለው ይጨምራሉ።

ከሰኞ ጀምሮ ክቡርነታቸው ወደ ሥራ ገቡ። ምስክር ከሌለ ምስክር ይፈጠራል ብለው ወሰኑ። መኪናውን ከሹክሪ ግቢ አርቀው በግቢያቸው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አቆሙና፣ ወፍራም ደብተር ከፍተው ሰው በየዓይነቱ መለመሉ፤ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚያንኮራፋ፣ ሲተኛ የሚራገጥ። ሙከራው የሚካሄደው ድሬ በሙሉ በሩን ዘግቶ ጋደም በሚልበት በሰባት ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ተመራማሪ እኔ ነበርኩ። መምህር ስለሆንኩ ቃሌ ይታመናል ተባለ። የቀትሩን ሙቀት ለድሬ ሰው አልነግርም፤ ለሌላው ብነግርም አያምነኝም። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ስወርድ ሸሚዜ ተጠምቆ የወጣ ይመስል ነበር። ጋሽ ሣህሉ ውሃ ሳይሰጡኝ በፊት አሥራ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ። ስምንተኛው «ፍራሹ ላይ ሆነህ ስለ ምን አሰብክ?» የሚል ነበር። ስለ ውሃ አልኳቸው። ጻፉት።

ማክሰኞ ሹክሪ ወጣች። የቅዳሜው ድንጋጤ ካሣ ይገባኛል ብላ ራሷ ነው የጠየቀችው። ሁሉንም መስኮት ከፍታ፣ መረቡን ብቻ ትታ ተጋደመችና ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ባሏ መጥቶ ከታች ጠራት፤ አልመለሰችም። እህቷ ስልክ ደወለች፤ አላነሳችም። ስትወርድ ፊቷ አብቦ፣ «ሣህሉ፣ ማንም መጥቶ ‘ጨው የት ነው?’ የማይለኝ ቦታ በዚህ ከተማ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር» አለች። ረቡዕ ደግሞ ተረኛው የሚያንኮራፋው ሰውዬ ሳይመጣ ሲቀር፣ የሹክሪ ፍየል መሰላሉን አይታ ማንንም ሳታስፈቅድ ወጣችና ትራሱ ላይ ተኛች። ጋሽ ሣህሉ ሊያባርሯት እጃቸውን አንስተው ነበር፤ መልሰው አወረዱት። ደብተሩን ኋላ ሳይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ «ፍየል፤ አወጣጥ፣ በጣም ጥሩ። ምቾት፣ በጣም ጥሩ። አወራረድ፣ ፈቃደኛ አይደለችም» ይላል።

ረቡዕ ማታ ውጤቱ ተደመረ። ግማሹ ጥሩ ነው ይላል፣ ግማሹ ምድጃ ነው ይላል። ጋሽ ሣህሉ ምርመራው ለሌላ ሳምንት ይራዘም አሉ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ይበቃል» አልኳቸው። «በስልሳ ስድስት ዓመትዎ መኪና ጣሪያ ላይ መተኛት ከፈለጉ ይተኙ። ካልፈለጉ ይመልሱ። ፍየል የጠየቀ ሰው ከዚህ በኋላ ማንን ይጠይቃል?»

ቆጣ ይላሉ ብዬ ነበር። ደብተሩን ዘግተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ልጅ፣ ለራሴ መሰለህ?»

ቀስ ብለው ነገሩኝ። እትዬ የሺአረግ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ወዲህ፣ ይኸው ስምንት ወር፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከሐኪም ቤት ሌላ የትም አልሄዱም። ከጠዋት እስከ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ለፋሲካ ሰው ሲጫወት አንድ ነገር ተናግረው ነበር። «ጀልዴሳ ገጠር ሳስተምር ደጅ ነበር የምንተኛው። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ግራሩን ነበር» አሉ። ሰው ጨዋታ ቀየረ፣ እሳቸውም አልደገሙትም።

«እኔ ግን መዘገብኩት» አሉ ጋሽ ሣህሉ። «መሬት ላይ እንዳላስተኛት ጊንጥ ትፈራለች። መኪና ወንበር ላይ ጉልበቷ አይታጠፍም። ወርሳሜ ‘ጣሪያ ላይ’ ሲለኝ ልቤ ዘለለ። ግን መሰላሉ ዘጠኝ እርከን ነው። ጉልበቷ ዘጠኝ እርከን መቻሉን ማንን ልጠይቅ? እሱን ነው የማጣራው።»

«እሳቸውን ለምን አይጠይቋቸውም?»

ዞር ብለው አዩኝ። እንደዚያ ያለ አሠራር ሰምተው የማያውቁ ይመስላሉ።

«እሷን?»

«እሳቸውን።»

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሣህሉ በረንዳው ላይ ወጡ። እኔ አጥሬ ጋ ሆኜ አትክልት አጠጣለሁ፤ አትክልት የለኝም፣ መሬቱን ነው የማጠጣው። ጋሽ ሣህሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ስለ አየሩ ተናገሩ፣ ስለ ላንድክሩዘሩ ዘይት ተናገሩ። እትዬ የሺአረግ ጠበቋቸው።

«የሺ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጉልበትሽ መሰላል ይወጣል?»

«ሣህሉ፣ ሰፈሩን ሁሉ ካስተኛህበት በኋላ ነው እኔ ትዝ ያልኩህ?»

«ላጣራ ብዬ ነው።»

«ፍየሏን እንኳ ቀድመህ ጠየቅህ።»

«እሷ ሳትጠየቅ ነው የወጣችው።»

እትዬ የሺአረግ ከዘራቸውን አነሱ። «እኔም ሳልጠየቅ ብወጣ ይሻለኝ ነበር። የት ነው የምንሄደው?»

«ጀልዴሳ።»

ከዘራቸውን ተክለው ተነሡ። ከዚያ «ዛሬ ነው የምንሄደው» አሉ። «ነገ እንሂድ ካልኩህ የመንገዱን ጠጠር ስትጠይቅ ትከርማለህ።»

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን ተነሣን። ጋሽ ሣህሉ ይነዳሉ፣ እትዬ የሺአረግ እግራቸውን ዘርግተው ከፊት ተቀምጠዋል፣ እኔና ወርሳሜ ከኋላ ነን። ወርሳሜ የመጣው ዕቃው አሳስቦት ነው፤ ለጁምዓ ሶላት ድሬ እመለሳለሁ ብሎ ቃል አስገብቶናል። ጀልዴሳ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል። ት/ቤቱ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለታል፤ እትዬ የሺአረግ ያስተማሩበት ክፍል የተሰበረ ወንበር ማጠራቀሚያ ሆኗል። በመስኮቱ አጮልቀው አዩና ወደ መኪናው ተመለሱ። ከት/ቤቱ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ትልቅ ግራር ሥር አቆምን። ድንኳኑ ተከፈተ። መሰላሉ ወረደ።

እትዬ የሺአረግ መሰላሉን ከታች እስከ ላይ አዩት። ወርሳሜ በሁለት እጁ ያዘው። በየእርከኑ «ቢስሚላሂ» ይላል። ጋሽ ሣህሉ ከኋላ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ይከተላሉ፤ ቢወድቁባቸው ሁለቱም እንደሚወድቁ የነገራቸው የለም። አምስተኛው ላይ እትዬ የሺአረግ ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማል። ወደ እኔ ዞሩና «ምን ታያለህ? ፊትህን አዙር» አሉኝ። ፊቴን አዙሬ እርከኑን በጆሮዬ ቆጠርኩ። ስድስት። ሰባት። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ስምንት። ዘጠኝ።

ስዞር የሚታየው የእግራቸው መዳፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ወዲያው ገባ።

ጋሽ ሣህሉ እስክሪብቶ አወጡ። «የሺ፣ እንዴት ነው?»

 የመረቡ ዚፕ ሲዘጋ ሰማን።

«ፍራሹስ?»

ምንም።

«ጉልበትሽስ?»

ከላይ ድምፅ መጣ። ከስምንት ወር ወዲህ ያልሰማሁት ለስላሳ ድምፅ ነው። «ሣህሉ፣ ዝም በልና ውጣ። ሰማዩ እያመለጠህ ነው።»

ክቡርነታቸው እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱ። ጫማቸውን አውልቀው በአንድ እጃቸው ይዘው ወጡ። እኔና ወርሳሜ መኪናው ውስጥ፣ እሱ በፊት ወንበር እኔ በኋላ ወንበር፣ ተጣጥፈን አደርን።

ጎህ ሲቀድ የነቃሁት በእትዬ የሺአረግ ድምፅ ነው። የክፍል ድምፃቸው ነበር፤ አርባ ልጅ በአንዴ የሚያስቀምጠው።

«ማን ፈቅዶልህ ገባህ?»

ዘልዬ ወረድኩ። አንድ ግመል መኪናው አጠገብ ቆሞ፣ ጭንቅላቱን እስከ አንገቱ በድንኳኑ መስኮት አስገብቷል። ወርሳሜ ጅብ አይደርስም፣ ጊንጥ አይደርስም ሲል ግመልን ረስቶታል፤ የዚህ ድንኳን ከፍታ ልክ የግመል ቁመት ነው። ግመሉና እትዬ የሺአረግ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ጭንቅላቱን አወጣና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሶላቱን የጨረሰው ወርሳሜም ምስክር ነው።

ባለግመሉ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ረጅም ሰው ነው። ወርሳሜን በሶማሊኛ ሰላም ሲለው እትዬ የሺአረግ በመስኮቱ ብቅ አሉ። አተኩረው አዩት።

«አንተ ጅብሪል አይደለህም?»

ሰውየው ቀና አለ። «ጅብሪል ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ መሃድ ነኝ።»

«አንተ ለምን ትምህርት ቤት አልመጣህም?»

«ግመሉን ማን ይጠብቅ?» አለ መሃድ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ቆየ። «ቲቸር የሺ?»

«ወንድምህን ጥራው» አሉ እትዬ የሺአረግ።

መሃድ ሄደ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጅብሪል መጣ፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ከጅብሪል ኋላ ሌሎች መጡ። ወተት በጮጮ የያዘ፣ የልጅ ልጇን ያዘለች፣ በሞተር ሳይክል ከዋሂል መንገድ የተመለሰ፤ በሦስት ሰዓት ግራሩ ሥር አሥራ አራት ሰው ቆሟል። እትዬ የሺአረግ ከላይ፣ በድንኳኑ በር ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን በስሙ ጠሩ። ስሙን የረሱትን በጥፋቱ ጠሩት። «አንተ እንሽላሊት በኪስህ ይዘህ የመጣኸው» ሲሉ አንድ ሸበቶ እጁን አወጣ። ጅብሪልን ስምንት ጊዜ ሰባት ስንት ነው አሉት። ጅብሪል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ አለና፣ «ሃምሳ ስድስት፣ ቲቸር» አለ። አጨበጨቡለት። እትዬ የሺአረግ ሳቁ፣ ከመሰላሉ የወረዱት ጋሽ ሣህሉም ሳቃቸውን ቆመው አዩት። አንድም ጥያቄ አልጠየቁም።

አራት ሰዓት ላይ ወርሳሜ ሰዓቱን ያይ ጀመር። ጁምዓ ሊያመልጠው ነው። እትዬ የሺአረግ ለመውረድ ዞሩ፣ አንድ እግራቸውን ወደ መጀመሪያው እርከን አወረዱ፣ ጉልበታቸው ግን ወደ ኋላ ሸክም አልቀበልም አለ። መልሰው አነሱት። ሁለተኛ ሞከሩ። ፊታቸው ላይ ላብ መጣ።

ጋሽ ሣህሉ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። «መውጣቱን ነው የጠየቅሁት» አሉ ለማንም ሳይሆን። «መውረዱን ሳላጣራ።»

ምክር በሦስት ቋንቋ ዘነበ። ወርሳሜ እንዳሉ ይዘናቸው እንንዳ አለ። ሞተረኛው ገመድ ይምጣ አለ። የልጅ ልጇን ያዘለችው ሴት ለምን ትወርዳለች፣ ምሳ እናመጣላታለን አለች። መሃድ ግን ዝም ብሎ የጭነት ግመሉን እየሳበ አመጣና ከድንኳኑ በር ጎን አቆመው። ጀርባው ላይ ሸክም የሚደላደልበት ምንጣፍ ታጥፎ ታስሯል። ከድንኳኑ ወለል እስከ ምንጣፉ አንድ ስንዝር ብትሆን ነው።

ጋሽ ሣህሉ ደብተራቸውን ከፈቱ። «ከመኪና ጣሪያ ወደ ግመል የወረደ ሰው አለ?»

ወርሳሜ በሶማሊኛ ጠየቀላቸው፣ ጅብሪል በኦሮምኛ ደገመው። በሦስቱም ቋንቋ የለም ተባለ።

«እንግዲያው መጀመሪያ...» ብለው ቀና ሲሉ፣ እትዬ የሺአረግ ግመሉ ላይ ተቀምጠዋል።

መሃድ ምላሱን አጮኸ። ግመል የሚንበረከከው በሦስት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው የፊቱ ሲወርድ እትዬ የሺአረግ ወደ ፊት ተደፉ። ጋሽ ሣህሉ ደብተሩን ወርውረው ሮጡና ግመሉ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ሚስታቸውንም ግመሉንም አንድ ላይ ሊቀበሉ። ግመሉ አገጩን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ። የኋላው ወረደ። እንደገና የፊቱ ተመቻቸ። እትዬ የሺአረግ እግራቸውን አሸዋው ላይ አኖሩ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ «ሣህሉ፣ ግመሉን ልቀቀው» አሉ።

ደብተሩን ስንፈልገው ሌላ ግመል አግኝቶታል። የአራት ቀን ምርመራ፣ የእኔ ላብና የፍየሏ አስተያየት ሳይቀር፣ ዓይናችን እያየ ታኝኮ ተዋጠ።

በመመለሻው መንገድ ጋሽ ሣህሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወርሳሜም በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ድሬ ገብተን ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ጋሽ ሣህሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «ወርሳሜ፣ ገዝቼዋለሁ» አሉ።

ወርሳሜ ወደ እኔ ዞረ፣ መልሶ ወደ እሳቸው። «ማንን ጠይቀህ?»

«ማንንም።»

እትዬ የሺአረግ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ፈገግ ማለታቸውን ከጎን መስታወቱ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሣህሉ ብየዳ ቤት ሄደው የብረት ደረጃ አሠርተዋል፤ መደገፊያ ያለው፣ ጎማ ያለው፣ አውሮፕላን ጋ የሚጠጋውን የሚመስል። ላንድክሩዘሩ ኋላ ታስሮ ሲሄድ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያየዋል። በየሁለት ሳምንቱ ጀልዴሳ ይሄዳሉ። እኔን ፔርሙዝ አስይዘው አንዳንዴ ይወስዱኛል።

ወሬው ደግሞ ወጣ። ወርሳሜ ሌሎች ድንኳኖች አስመጥቷል፤ ገዢ ሲያመነታ «ከዚራ ሂድና ሣህሉን ጠይቅ፣ እሱ ተኝቶበታል» እያለ ይልካል። እናም ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቁ የኖሩት ጋሽ ሣህሉ አሁን ይጠየቃሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲመጣ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔም ወንበሬን አውጥቼ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ታሪኩን አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግመሉ ሲንበረከክ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይልና ወደ በረንዳው ያያሉ፤ እትዬ የሺአረግም ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ፣ «መጀመሪያ የፊቱ ነው የወረደው» ይላሉ።

ትናንት ከሐረር አንድ የጥርስ ሐኪም መጥቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠየቀ። ደረጃውን ለካ፣ ፍራሹ ላይ ተጋደመ፣ የመረቡን ቀዳዳ ቆጠረ፣ ከዚያ ላስብበት ብሎ ሄደ። ጋሽ ሣህሉ እስከ መንገዱ ሸኝተውት ተመለሱ።

«አንተ ልጅ፣ ይገዛል ብለህ ታስባለህ?»

«አይመስለኝም፣ ጋሼ። ገና ብዙ ጥያቄ አለበት።»

«አዎ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «ነገም ይመጣል።»

መሽቶ ሁላችንም ስንገባ፣ ወንበሬን ይዤው ልገባ ብዬ ነበር። ተውኩት። እዚያው ዛፉ ሥር፣ ከእሳቸው ወንበር ጎን አደረ።